ደረቱን ተመትቶ የወደቀ ልጅና የመጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃዎች

ሜዳ ላይ ልጅ ሲወድቅ ምን እንደምናደርግ ሁላችንም እናውቃለን። አንዱ ሮጦ ውሃ ይደፋበታል። አንዱ ክብሪት ጭሮ ያሸተዋል። ሌላው ቁልፍ ያስጨብጠዋል። «ዞር በሉለት፣ አየር ያግኝ» የሚልም አይጠፋም። ሁሉም ይህን የሚያደርገው ተጨንቆ፣ ለማዳን ብሎ ነው። ብዙ ጊዜ ልጁ ራሱን ስቶ ብቻ ስለሚሆን ትንሽ ቆይቶ ይነቃል። ውሃው ያዳነው ይመስለናል።

ልጁ የወደቀው ደረቱን ተመትቶ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ኳስ፣ ክርን፣ ጉልበት ወይም ቡጢ ደረቱ ላይ ካረፈ በኋላ የተዘረረ ልጅ ልቡ ቆሞ ሊሆን ይችላል። ያኔ ለመዳን ያለው ጊዜ በደቂቃ ይቆጠራል። ውሃ ፍለጋ ስንራወጥ የምንጨርሰው ያንኑ ጊዜ ነው።

ደረት ላይ የሚያርፍ ምት የወጣቶችን ልብ በሁለት መንገድ ሊጎዳ ይችላል። አንደኛው በሰከንዶች ውስጥ ልብን ያቆማል። ልቡ ግን አልተቀደደም፣ አልቆሰለም፣ ከምቱ በፊትም ጤነኛ ነበር። ሁለተኛው የልብን ጡንቻ ወይም በሮች የሚያቆስል ነው፤ አንዳንዴ ቀስ ብሎ፣ ሰው ሳያውቀው። ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ያያቸዋል። ለአንዱ የሚያስፈልገው ፍጥነት ነው፣ ለሌላው ክትትል።

የመጀመሪያውን ዓለም በደንብ ያወቀው በዳማር ሃምሊን ነው። ጃንዋሪ 2 ቀን 2023 (ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የ24 ዓመቱ የቡፋሎ ቢልስ ተከላካይ በሲንሲናቲ ከተማ የአሜሪካን ፉትቦል እየተጫወተ ነበር። ኳስ ይዞ የሚሮጠውን ቲ ሂጊንስን ለማስቆም ገባ። ተጋጩ፣ ምቱ ደረቱ ላይ አረፈ። ሃምሊን ተነሳ። ቆመ። አንድ ሁለት እርምጃ ተራመደ። ከዚያ ወደ ኋላው ተዘረረ። ይህን ሁሉ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው በቀጥታ ሥርጭት ያይ ነበር።

እዚህ ላይ «ተነሳ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ። ሰው ከተመታ በኋላ ተነስቶ ከቆመ ምቱን እንረሳዋለን። ቀጥሎ ሲወድቅ «ደክሞት ነው»፣ «ምሳ ሳይበላ መጥቶ ነው» እንላለን። ልብ ትርታው ቢናጋም አንጎል ውስጥ ለጥቂት ሰከንድ የሚበቃ ኦክስጅን ይኖራል። ልጁ የሚቆመውም የሚራመደውም በዚያ ነው።

ሃምሊንን ያተረፈው እዚያው የነበሩት ሰዎች ምን ማድረግ እንዳለባቸው ማወቃቸው ነው። የቡድኑ የጤና ክፍል ባልደረባ ዴኒ ኬሊንግተን ጊዜ ሳያጠፋ ደረቱን መጫን ጀመረ። ኤኢዲ የሚባለው የልብ ማስነሻ ማሽንም ደረሰ። ልቡ እዚያው ሜዳው ላይ ተመለሰ። ጨዋታው ተቋረጠ፣ በኋላም ተሰረዘ። ሃምሊን ሆስፒታል ውስጥ ሲነቃ ጉሮሮው ውስጥ ቱቦ ስለነበር መናገር አልቻለም። እስክሪብቶ ይዞ የጠየቀው ጨዋታውን አሸንፈው እንደሆነ ነበር። ጃንዋሪ 11 ከሆስፒታል ወጣ። ኤፕሪል ላይ ልቡ የቆመበት ምክንያት ኮሞሽዮ ኮርዲስ (ጤነኛ ልብ በደረት ምት ድንገት የሚቆምበት ጉዳት) መሆኑን ራሱ ተናገረ፣ ሐኪሞችም እንዲጫወት ፈቀዱለት። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ውድድር ላይ ተሰለፈ።

አንድ ምት ጤነኛ ልብን እንዴት ያቆማል? መልሱ በአብዛኛው የተገኘው ከእንስሳት ሙከራ ነው። ማርክ ሊንክ፣ ባሪ ማሮንና ባልደረቦቻቸው በ1998 ባሳተሙት ጥናት በማደንዘዣ በተኙ ትናንሽ አሳማዎች ደረት ላይ የቤዝቦል ኳስ መጠንና ክብደት ያለው እንጨት በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አሳረፉ። ምቱን ከልብ የኤሌክትሪክ ዑደት ጋር እያመሳሰሉ ጊዜውን ይቀያይሩ ነበር። ልብ ደም ከረጨ በኋላ ለሚቀጥለው ትርታ ኤሌክትሪኩን መልሶ የሚያስተካክልበት ቅጽበት አለ። ምቱ ከዚያ ቅጽበት ውጭ ሲያርፍ አብዛኛውን ጊዜ ልብ አልቆመም። ከ15 እስከ 30 ሚሊሰከንድ ባለችው ጠባብ መስኮት ውስጥ ሲያርፍ ግን የልብ ትርታ ወዲያው ተተራመሰ። ጡንቻው ይንቀጠቀጣል እንጂ ደም አይረጭም።

ገመድ ዝላይ ስትጫወቱ አስታውሱ። ገመዱ ያው ነው፣ የሚያሽከረክሩትም ልጆች ያው ናቸው። የሚጠልፈው በተሳሳተ ቅጽበት የገባውን ነው።

ከዚያ በኋላ የተደረጉ ሙከራዎች አንድ የሚያስገርም ነገር ጨመሩ። ትርታውን በማናጋት በኩል በጣም አደገኛው ፍጥነት በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ምቱ ከዚያ ሲፈጥን ልብን የማቆም ዕድሉ ይቀንሳል፤ በምትኩ ልብን የመቅደድና የማቁሰል ዕድሉ ይጨምራል። በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር ደግሞ የባለሙያ ውርወራ አይደለም። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከሚወረውረው ኳስ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ «ያን ያህል እኮ አልመታሁትም» የሚል ጓደኛ እውነቱን ሊሆን ይችላል። የሚያለቅሰውን ጓደኛም «ገደልከው» ብሎ መክሰስ ግፍ ነው። በዚህ ጉዳት ወሳኞቹ የምቱ ቦታና ቅጽበቱ ናቸው። የምቱ ኃይል ብቻውን ብዙ አይነግረንም።

ለምን ወጣቶች? የልጆች ደረት ስስና ተለጣጭ ነው። የጎድን አጥንታቸው ገና አልጠነከረም፣ ምቱን ውጦ ከማስቀረት ይልቅ ወደ ልብ ያሳልፈዋል። ሚኒያፖሊስ ውስጥ የሚገኘው የአሜሪካ የኮሞሽዮ ኮርዲስ መዝገብ ከ200 በላይ ሰዎችን መዝግቧል። 95 በመቶ ያህሉ ወንዶች ናቸው፣ አማካይ ዕድሜያቸውም 15 ዓመት ገደማ ነው። ብዙዎቹ ቤዝቦል፣ ሶፍትቦል፣ የበረዶ ሆኪና ላክሮስ (መረብ ባለው ዱላ ጠንካራ ኳስ የሚወራወሩበት ጨዋታ) ሲጫወቱ የተመቱ ናቸው። ሁሉም ግን ስፖርተኞች አይደሉም። በቀልድ በተሰነዘረ ቡጢ የወደቁም እዚያ ውስጥ አሉ። የእኛ እግር ኳስ አየር የተሞላ ስለሆነ ሲመታ ይታጠፋል፣ ስጋቱም ከጠንካራዎቹ ትናንሽ ኳሶች ያነሰ ነው። የሰው ክርንና ጉልበት ግን አይታጠፍም።

በ1998 የሴንት ሉዊስ ብሉስ ተከላካይ ክሪስ ፕሮንገር በሆኪ ጨዋታ መሃል የተመታው በፈጣን ፓክ (በሆኪ እንደ ኳስ በሚያገለግለው ጠንካራ ጎማ) ነበር። እሱም ጥቂት ተንቀሳቅሶ ነው የወደቀው። ተርፎ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ተጫውቷል። ሃምሊን ሜዳ ላይ ከመውደቁ 25 ዓመት ገደማ በፊት መሆኑ ነው።

ይህን የማነሳው በምክንያት ነው። ሃምሊን በወደቀበት ምሽት ማኅበራዊ ሚዲያው «የኮቪድ ክትባት ገደለው» በሚል ወሬ ተጥለቀለቀ። ወሬው በአማርኛም ተዛምቷል። አንዳንድ የኮቪድ ክትባቶች ጥቂት ሰዎች ላይ፣ በተለይም ወጣት ወንዶች ላይ፣ የልብ ጡንቻ መቆጣት እንዳስከተሉ ሐኪሞች አልደበቁም። ሃምሊን ላይ የሆነው ግን ሌላ ነው። ምቱን ሁሉም አይቶታል፣ ሐኪሞቹም መርምረው ተናግረዋል። ሕመሙም ኮቪድ ከመምጣቱ ከብዙ ዓሥርት ዓመታት በፊት ይታወቅ ነበር። ወሬው የሚያናድደኝ ሰውን ከሚያድነው ነገር ስላራቀው ነው። ክትባት ነው ብሎ ያመነ ወላጅ ሲፒአር (ልቡ የቆመን ሰው ደረት እየተጫኑ የመርዳት ዘዴ) ለመማር ምን ያነሳሳዋል?

ወደ ሦስቱ ደቂቃዎች እንምጣ። በዚያ መዝገብ ውስጥ ካሉት መካከል በሦስት ደቂቃ ውስጥ እርዳታ ከተጀመረላቸው 40 በመቶ ያህሉ ተርፈዋል። ከሦስት ደቂቃ በኋላ ከተጀመረላቸው የተረፉት 5 በመቶ ያህል ብቻ ናቸው። መዝገቡ በተጀመረባቸው ዓመታት ከዚህ ጉዳት የሚተርፍ ጥቂት ነበር። ሰው ሲፒአር እየተማረ፣ ማሽኑም በየትምህርት ቤቱና በየሜዳው እየተቀመጠ ሲሄድ ከግማሽ በላይ መትረፍ ጀመረ። አዲስ መድኃኒት አልተገኘም፤ አዲስ ቀዶ ሕክምናም የለም። የተለወጠው አጠገቡ የቆመው ሰው ነው።

እንግዲህ ያ ሰው እናንተ ብትሆኑ እንዲህ ነው። ልጁን ትከሻውን ነቅንቃችሁ ጥሩት። መልስ የለም? ደረቱ እንደወትሮው ከፍ ዝቅ ይላል ወይ? አልፎ አልፎ እንደ ማንኮራፋት ወይም እንደ ማቃሰት ያለ ትንፋሽ ብትሰሙ «ይተነፍሳል» ብላችሁ እንዳትዘናጉ። ይህ ልቡ የቆመ ሰው የሚያሰማው ድምፅ ነው። ሰውነቱ ሊንፈራገጥም ይችላል፤ አንጎል ደም ሲያጣ እንዲህ ይሆናል። የእኛ ሰው ክብሪት የሚጭረው እዚህ ላይ ነው፣ የሚጥል በሽታ መስሎት። ደረቱን ተመትቶ ወድቆ መልስ የማይሰጥ፣ በደንብም የማይተነፍስ ልጅ ካያችሁ ልቡ ቆሟል ብላችሁ ተነሱ።

አንዱ ስልክ ይደውል፣ አንዱ ማሽን ይፈልግ፣ አንዱ ይጫን። ልጁን ጠንካራ መሬት ላይ በጀርባው አስተኙት። የመዳፋችሁን ተረከዝ ደረቱ መሃል፣ በሁለቱ ጡቶች መካከል አድርጉ። ሌላውን እጅ ከላይ ደርቡ። ክርናችሁን ሳታጥፉ በሰውነታችሁ ክብደት ወደ ታች 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ጫኑ። በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ማለትም በሰከንድ ወደ ሁለት ጊዜ። ከእያንዳንዱ ጫና በኋላ ደረቱ ወደ ቦታው ይመለስ። ልጁ ትንሽ ከሆነ የደረቱን ጥልቀት አንድ ሦስተኛ ያህል፣ በአንድ እጅም ቢሆን ይበቃል። ያደክማል። በየሁለት ደቂቃው ተቀያየሩ። «አጥንቱን ብሰብረውስ?» የሚለው ፍርሃት ይገባኛል። የጎድን አጥንት ይጠገናል፣ የቆመ ልብ ግን ማንም ካልነካው በራሱ አይነሳም።

ማሽኑ ከተገኘ ክፈቱት፤ ራሱ ይናገራል። ሁለቱን ተለጣፊዎች ሥዕሉ በሚያሳየው ቦታ ባዶ ደረቱ ላይ ለጥፉ። የልብ ትርታውን አንብቦ የሚያስፈልግ ከሆነ ብቻ ነው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው፤ ጤነኛ ልብን አይመታም። ተለጣፊዎቹ ግን የሚይዙት ደረቅ ደረት ላይ ነው። ውሃ የደፋንበትን ልጅ መጀመሪያ ማድረቅ ሊኖርብን ነው! በዚህ ጉዳይ ያ የውሃ ጠርሙስ ሁለት ጊዜ ይጎዳል።

አብዛኛው የኢትዮጵያ የሰፈር ሜዳ ማሽኑ የለውም። ስለዚህ እዚህ ያለው ተስፋ እጅና ስልክ ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። አምቡላንሱ በሦስት ደቂቃ እንደማይደርስ ደግሞ የአዲስ አበባን መንገድ የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። እስኪደርስ ድረስ ሕይወት የሚያቆየው የሚጫነው እጅ ነው። ልጁን ታክሲ ውስጥ ወርውሮ መክነፍም ያጓጓል። ታክሲ ውስጥ ግን ማንም በሥርዓቱ መጫን አይችልም። የሰውነት ማጎልመሻ መምህራን፣ የሰፈር አሠልጣኞችና ዳኞች ይህን ቢማሩ ብዙ ወጪ የለውም። ሥልጠናው በሰዓታት ያልቃል። ለቡድን ማሊያ ገንዘብ የሚያዋጣ ሰፈር አንድ ቅዳሜ ለዚህ ማዋል አያቅተውም።

ውጭ ሀገር ያላችሁ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለባችሁ። አሜሪካ ያደጉ ልጆቻችን ወላጆቻቸው የማያውቋቸውን ጨዋታዎች ይጫወታሉ። ቤዝቦል፣ ላክሮስ፣ ሆኪ። ፎርሙን ፈርመን፣ ጫማና ጓንት ገዝተን እንመለሳለን። ከመመለሳችን በፊት ግን ሜዳው ላይ ማሽኑ የት እንደተቀመጠ እንጠይቅ። ቢሮ ውስጥ የተቆለፈ ማሽን ቅዳሜ ጠዋት ለልጁ ምንም አይሠራለትም። ሃምሊን ራሱ ማርች 2023 ወደ አሜሪካ ምክር ቤት የሄደው ማሽኑ በትምህርት ቤቶች እንዲዳረስ ለሚጠይቅ ሕግ ድጋፍ ለመስጠት ነው። ከ1984 ጀምሮ ሐበሻውን የሚያሰባስበው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድር ላይም፣ በየከተማው ባሉት ትናንሽ ውድድሮች ላይም ይኸው ጥያቄ መነሳት አለበት። የአደጋ ጊዜ ቁጥሩ አሜሪካ 911፣ እስራኤል 101፣ አውሮፓ 112፣ ሳዑዲ 997፣ ኤምሬትስ 998 ነው። አማርኛ ብቻ የምትናገር አያት ልጁን ሜዳ የምትወስድ ከሆነ ቁጥሩ ስልኳ ላይ ይጫንላት።

የደረት መከላከያስ? በመዝገቡ ውስጥ በውድድር ላይ ከተመቱት አንድ ሦስተኛ ያህሉ መከላከያ ለብሰው ነበር። አሮጌዎቹ መከላከያዎች የተሠሩት ለአጥንትና ለቆዳ እንጂ ለልብ ትርታ አልነበረም። በ2017 ለዚህ ጉዳት ተብሎ አዲስ የጥራት ደረጃ ወጣ፤ በአሜሪካ የወንዶች ላክሮስም ግዴታ ሆኗል። ልጃችሁ ላክሮስ የሚጫወት ከሆነ ያንን ማረጋገጫ የያዘውን ግዙ። ስጋቱን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም።

ሁለተኛው ጉዳት እኛ ሀገር ከመጀመሪያው የሚበዛ ይመስለኛል። ምክንያቱ መንገዱ ነው። የሚኒባስ ጋቢና ውስጥ የተቀመጠን ሰው አስቡ። ትራፊክ ፖሊስ ከሩቅ ሲታይ ቀበቶውን ሳብ አድርጎ ደረቱ ላይ ጣል ያደርገዋል። መቆለፊያው ውስጥ አያስገባውም። ትራፊኩ ሲያልፍ ይለቀዋል። አንዳንዱ ደግሞ ሕፃን ታቅፎ ነው እዚያ የሚቀመጠው። ግጭት ሲመጣ ደረት ከፊት ካለው ፕላስቲክ ጋር ይላተማል። ሞተር ሳይክል ላይ መሪው፣ ገጠር የበቅሎ ርግጫ፣ ከተማ ውስጥ ከግንባታ መወጣጫ ላይ መውደቅ ይጨመራል። የልብ ቀኝ ክፍል ልክ ከደረት አጥንት ጀርባ ነው ያለው፤ በብዛት የሚቆስለውም እሱ ነው።

የሚያታልለው ነገር የልጆች አጥንት ነው። ይታጠፍና ይመለሳል። ስለዚህ የጎድን አጥንት ሳይሰበር፣ ቆዳ ላይ ብዙ ምልክት ሳይታይ፣ ልብ ቆስሎ ሊገኝ ይችላል። ራጅ ይነሳል፣ «አጥንቱ ደህና ነው» ይባላል፣ ተመስገን ተብሎ ቤት ይገባል። ወይም ወጌሻ ጋ ሄዶ ይታሻል። ወጌሻ አጥንት ያውቅ ይሆናል፤ ልብን ግን በእጅ ዳስሶ ማወቅ አይቻልም። ራጅም ስለ ልብ ጡንቻ ብዙ አይናገርም።

የሚናገረው ኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ የሚመዘግበው ምርመራ) ነው። ርካሽ ነው፣ ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል፣ ብዙ ሆስፒታሎችም አላቸው። ከእሱ ጋር ትሮፖኒን የሚባለው የደም ምርመራ አለ፤ የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ደም ውስጥ ከፍ ይላል። በ2012 የወጣ የአሜሪካ የአደጋ ቀዶ ሐኪሞች መመሪያ እንደሚለው ሁለቱም ደህና ከሆኑ ከባድ የልብ ጉዳት የለም ብሎ መረጋጋት ይቻላል። አንዱ እንኳ ከተዛባ ታካሚው ተኝቶ ትርታው በማሽን መታየት አለበት። ደም ግፊቱ ከወረደ ወይም ትርታው እንደተዛባ ከቀጠለ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ይነሳል። ትሮፖኒን ሁሉም ቦታ አይገኝም። ኢሲጂውን ግን መጠየቅ መብታችሁ ነው። «ደረቱ በኃይል ተመቷል፣ ኢሲጂ ይነሳለት ወይ?» ብሎ ሐኪሙን መጠየቅ ማንንም አያስቀይምም።

ከአደጋ በኋላ ባሉት ቀናት የደረት ሕመም እየባሰ ከሄደ፣ ልቡ ያለ ልክ ከመታ፣ ደረጃ ሲወጣ ካለከለከ፣ ራሱን ከሳተ፣ በማግስቱም ይሁን በሳምንቱ ወደ ሐኪም መመለስ አለበት። በልብ ከረጢት ውስጥ ፈሳሽ ቀስ ብሎ የሚጠራቀምበት ጊዜ አለ። ወጣት ልብ ብዙ ይችላል። ችሎ ችሎ ነው የሚከዳው።

ከሁሉ የሚዘገየው የበሩ ጉዳት ነው። በቀኝ በኩል ያለው ትሪከስፒድ የሚባለው በር በምቱ ተቀድዶ ሰውዬው ለዓመታት ሳያውቀው ሊኖር ይችላል። ከጊዜ በኋላ እግሩ ያብጣል፣ ሆዱ ይነፋል፣ ቶሎ ይደክመዋል። ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ ወጣት የልብ በር ችግር ሲገኝበት መጀመሪያ የሚታሰበው ሪውማቲክ (በደንብ ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም በኋላ የሚመጣው የልብ በሽታ) ነው፤ ሕመሙ በጣም ስለሚበዛ ሐኪሞቹ ተሳስተዋል አይባልም። ሪውማቲክ ግን በብዛት የሚጎዳው የግራውን በር ነው። የቀኙ ብቻ ተጎድቶ ከተገኘ የድሮ አደጋ ነበረ ወይ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሐኪሙ ያንን አደጋ የሚያውቀው ታካሚው ከነገረው ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ከሞተር ወድቃችሁ ከነበረ፣ ያኔ «ምንም አልሆንኩም» ብላችሁ ቤት ገብታችሁ ከነበረ፣ ካርድ ስታወጡ ንገሩት።